ምላጩ ከመነሣቱ በፊት፦ የሂፖካምፐስን ሴሎች ለመቁጠር የሚሠራ ሒሳብ

ዘቢብ የገባበት ድፎ ዳቦ ተቆርሶ ቀረበ እንበል። ዳቦው ውስጥ ስንት ዘቢብ አለ? ሁሉንም ፈርፍሮ መቁጠር አያዋጣም። ሦስት አራት ቁራሽ አንሥቶ ፊቱ ላይ የሚታየውን ቆጥሮ በቁራሾቹ ብዛት ማባዛት ቀላል መንገድ ይመስላል። ችግሩ ትልቁ ዘቢብ ሁለት ሦስት ቁራሽ ላይ ብቅ ይላል፤ ትንሹ አንዱ ጋ ብቻ ይቀራል። ስለዚህ ቆጣሪው ሳያውቀው ትልቁን ሦስቴ፣ ትንሹን አንዴ ይቆጥራል። የሚያገኘው ቁጥር ብዛትና መጠን የተቀየጡበት ነው፤ የትኛው ምን ያህል እንደሆነ ደግሞ ከቁጥሩ መልሶ መለየት አይቻልም።

በአንጎል ውስጥ ያሉ የነርቭ ሴሎች፣ ለትዝታ በሚያገለግለው ሂፖካምፐስ ያሉትም፣ ለረጅም ዘመን የተቆጠሩት በዚህ ዓይነት ነው። ችግሩ ሳይታወቅ ቀርቶ አይደለም። 1925 ላይ ስዊድናዊው ዊክሴል ከቁራጭ ላይ ከሚታየው ክብ ተነሥቶ የኳሱን መጠን ስለማወቅ በሒሳብ ጽፏል። 1946 ላይ አበርክሮምቢ እስከ ዛሬ በስሙ የሚጠራውን ማስተካከያ አወጣ፦ የታየውን ቁጥር በቁራጩ ውፍረት አባዝቶ ለውፍረቱና ለሴሉ ኒውክለስ (ውስጡ ላለው እምብርት) አማካይ ቁመት ድምር ማካፈል ነው። ቀመሩ ያምራል። ነገር ግን የኒውክለሱን ቁመት በትክክል ያውቃል ብሎ ሰውን ያምናል። በሽታ ወይም እርጅና ሴሉን ካሳነሰው ማስተካከያውም አብሮ መለወጥ ነበረበት፤ ብዙ ሰው ግን ለጤነኛውም ለታመመውም አንዱን ቁጥር ይዞ ይሄዳል። ያኔ የሳሱ ሴሎች "የሞቱ ሴሎች" ተብለው ይመዘገባሉ።

መውጫው 1984 ላይ መጣ። ጽሑፉ የወጣው ዲ. ሲ. ስቴሪዮ በሚል የብዕር ስም ነው፤ በላቲን ፊደል ተጽፎ ፊደላቱ ሲገለባበጡ "ዳይሴክተር" የሚለውን ቃል ይሰጣሉ። ሙያው ብዙ ቀልድ ስለሌለው ይህቺው በየሥልጠናው ትነገራለች። ሐሳቡ ግን ቀልድ አይደለም፦ ሁለት ተቀራራቢ ገጾችን አስተያይቶ በአንዱ የሚታየውንና በሌላው ያልታየውን ብቻ መቁጠር። ዘቢብ ትልቅም ሆነ ትንሽ ያለው አናት አንድ ነው። አናት የሚቆጥር ሰው በመጠን አይታለልም። ወፍራም ቁራጭ ላይ ደግሞ ሁለት ገጽ መፈለግ እንኳ አያስፈልግም፤ የማይክሮስኮፑን ፎከስ ከላይ ወደ ታች ቀስ ብሎ እያወረዱ በተወሰነ ጥልቀት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ጥርት ብሎ የወጣውን ኒውክለስ መቁጠር ይበቃል። 1991 ላይ ዌስት፣ ስሎሚያንካና ጉንደርሰን ይህን ከድርሻ ቆጠራ (የታወቀ ድርሻ ቆጥሮ ወደ ሙሉው ማባዛት) ጋር አጋብተው በአይጥ ሂፖካምፐስ ላይ ሠሩበት። ዘዴው ኦፕቲካል ፍራክሽኔተር ይባላል። ዴንቴት ጃይረስ በተባለው ክፍል በአንድ ጎን ወደ 1.2 ሚሊዮን ግራኑል ሴል (ትንንሽ የነርቭ ሴሎች)፣ ሲኤ1 በተባለው ሌላ ክፍል ውስጥ ወደ 380,000፣ ሲኤ3 ውስጥ ወደ 250,000 አገኙ።

ከዚህ በኋላ የምለው ሁሉ በአንድ ነገር ዙሪያ ነው፤ ቆጠራው የሚበላሸው ማይክሮስኮፑ ላይ ሳይሆን ከዚያ በፊት ነው። ሒሳቡም የሚሠራው ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው ነው። መጀመሪያ "ስንት ሴል ብቆጥር ይበቃኛል?" ይባላል፣ ከዚያ ስንት ቁራጭ፣ ስንት ነጥብ፣ ምን ያህል ጥልቀት የሚለው ይከተላል። ብዙ ሰው ግን አንጎሉን ከትፎ፣ ቀለም ነክሮ፣ ስላይድ ላይ ለጥፎ ሲያበቃ ነው "አሁን እንዴት ልቁጠር?" የሚለው።

ቀመሩ አራት ነገር ያባዛል። ጠቅላላ ብዛት ማለት የተቆጠሩት ሴሎች፣ ሲባዛ የቁራጭ ድርሻ ግልባጭ (1 ለድርሻው ተካፍሎ)፣ ሲባዛ የስፋት ድርሻ ግልባጭ፣ ሲባዛ የውፍረት ድርሻ ግልባጭ ነው። የአይጡን ዴንቴት ጃይረስ እንውሰድ። አካባቢው በሙሉ በ50 ማይክሮን (ማይክሮን የሚሊ ሜትር ሺኛ ነው) ሲከተፍ 120 ገደማ ቁራጭ ቢሰጥና ከየ10ሩ አንዱን ብንወስድ 12 ቁራጭ ይደርሰናል፤ የቁራጭ ድርሻው 1/10 ነው። ስላይድ ላይ ከደረቀና ከተሸፈነ በኋላ ቁራጩ 25 ማይክሮን ቢቀር፣ ከዚያ ውስጥ 15ቱን ብንቆጥር የውፍረት ድርሻው 15/25 ይሆናል። የሚጠበቀው ብዛት 1.2 ሚሊዮን ነው፤ የምንፈልገው ደግሞ ከአንድ እንስሳ 200 ወይም ጥቂት ከዚያ በላይ ሴል መቁጠር ነው። የቀረው የስፋት ድርሻ ሲሰላ ከ300 አንድ አካባቢ ይወጣል።

እዚህ ላይ ጥቂት እንቆይ፤ ምክንያቱም አንድ ድርሻ በብዙ መንገድ ይገኛል። 20 በ20 ማይክሮን የሆነ የመቁጠሪያ ፍሬም (ቆጠራው የሚካሄድበት አራት ማዕዘን) በየ350 ማይክሮን ማስቀመጥ ይቻላል። 10 በ10 የሆነውን በየ175 ማይክሮን ማስቀመጥም ይቻላል። ሁለቱም 1/306.25 ናቸው፤ ቀመሩ አይለያቸውም። ሥራው ላይ ግን ሰማይና ምድር ናቸው። በመጀመሪያው አካሄድ ጠቅላላ 25 ገደማ ፍሬም ይኖራል፣ በእያንዳንዱም 10 የሚሆኑ ግራኑል ሴሎች ተደራርበው ይታጨቃሉ፤ ቆጣሪው የትኛውን ቆጥሮ የትኛውን እንደተወ ይጠፋበታል። በሁለተኛው 100 ገደማ ፍሬም ይኖራል፣ በእያንዳንዱ ሁለት ወይም ሦስት ሴል። ቆጠራው የማያከራክር ይሆናል፣ ናሙናውም በግራኑል ሽፋኑ ላይ በደንብ ይበተናል። በአማካይ ከአንድ እስከ ሦስት ሴል የሚይዝ ፍሬም መልካም ነው፤ አምስት ስድስት ሲደርስ ፍሬሙን ማሳነስ፣ ባዶ ፍሬም ሲበዛ ደግሞ ማስፋት ነው።

ፍሬሙ ራሱ ሕግ አለው። ከአራቱ ጎኖች ሁለቱ፣ በተለምዶ ግራና ታች፣ ቀይ ናቸው፤ ቀይ መስመር የነካ ኒውክለስ ግማሹ ውስጥ ቢሆንም አይቆጠርም። የላይና የቀኝ አረንጓዴዎች ናቸው፤ እነሱን ብቻ የነካው ይቆጠራል። ቀዩ መስመር ከፍሬሙ ማዕዘኖች አልፎ እንደሚቀጥል ተደርጎ መታሰብ አለበት፤ ያለዚያ ረጅም ወይም ጠማማ የሆነ ነገር ሁለት ጎረቤት ፍሬም ውስጥ ሊቆጠር ይችላል። በጥልቀት በኩልም ያው ነው፤ የመቁጠሪያው ጥልቀት ሲጀመር ቀድሞውኑ ጥርት ብሎ የሚታይ ኒውክለስ አይቆጠርም፣ ሲያልቅ ጥርት ያለው ግን ይቆጠራል። ይህን ለማየት 60 ወይም 100 እጥፍ የሚያጎላ፣ በዘይት የሚሠራ፣ ቁጥራዊ ቀዳዳው (ብርሃን የመሰብሰብ አቅሙ) 1.3 ወይም 1.4 የሆነ ሌንስ ያስፈልጋል። በደረቅ 40 እጥፍ ሌንስ የፎከሱ ንጣፍ በጣም ይወፍርና "መቼ ጥርት አለ?" የሚለው ጥያቄ መልስ ያጣል።

አሁን ወደ ውፍረቱ። በእኔ ግምት በዚህ ዘዴ ከሚሠሩት ስህተቶች አብዛኛዎቹ እዚህ ይደበቃሉ። 50 ማይክሮን ተብሎ የተከተፈ ቁራጭ ስላይድ ላይ ሲደርቅ በቁመቱ ይጠወልጋል፤ እኩሌታው ቢቀር አያስገርምም። በማሽኑ ላይ የተጻፈውን 50 ወስዶ ቀመሩ ውስጥ የሚያስገባ ሰው ብዛቱን በእጥፍ ያዛንፋል። ስለዚህ ውፍረቱ ቆጠራው በሚካሄድበት ቦታ፣ በዚያው ሌንስ መለካት አለበት፤ የላይኛው ገጽ ጥርት ሲል አንድ ንባብ፣ የታችኛው ሲጠፋ ሌላ። በየቦታው እኩል እንደማይሆንም ልብ ማለት ነው። አንድ ቦታ ላይ ውፍረቱ 20 ማይክሮን ሆኖ 6 ሴል ተቆጠረ፣ ሌላው ላይ 30 ሆኖ 2 ሴል ተቆጠረ እንበል። ተራ አማካይ 25 ይላል። በሴሎቹ ብዛት ሲመዘን ግን 20 በ6፣ 30 በ2 ተባዝቶ ለ8 ሲካፈል 22.5 ነው። ልዩነቱ 10 በመቶ ነው፤ ያም በቀጥታ የመጨረሻው ቁጥር ውስጥ ይገባል። ሴሎች የሚበዙበት ቦታ ከሌላው ባነሰ ወይም በበለጠ የሚጠወልግ ከሆነ የተመዘነውን አማካይ መጠቀም ግድ ነው።

ከላይና ከታች 5 ማይክሮን ሳይቆጠር የሚታለፈው ምላጩ ገጽ ላይ ኒውክለስ ስለሚነቅልና ስለሚቀድ ነው። ይህ ሽፋን ይብቃ አይብቃ የሚታወቀው የእያንዳንዱን የተቆጠረ ሴል ጥልቀት መዝግቦ በመሣል ነው። ሥዕሉ ከላይ እስከ ታች ዝርግ ከሆነ መልካም። መሐሉ ላይ ከጎደጎደ ግን ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የቀለም ነው፤ ሴሉን ለይቶ የሚያስቀልመው ፀረ እንግዳ አካል ወደ ቁራጩ ሆድ አልዘለቀም ማለት ነው። ሴሉ አለ፣ አልተቀለመም። ይህን ቆጠራ በማብዛት ማዳን አይቻልም፤ መፍትሔው ፀረ እንግዳው አካል የሚቆይበትን ጊዜ ማራዘም ወይም ቀለሙን መቀየር ነው። ለዚህ ሙከራ አንድ እንስሳ አስቀድሞ መመደብ የኋላውን ወጪ ያድናል።

ወደ ስህተቱ ስሌት እንምጣ። ለምሳሌ ያህል 12ቱ ቁራጮች በየተራቸው 5፣ 11፣ 14፣ 25፣ 23፣ 35፣ 34፣ 24፣ 30፣ 16፣ 12፣ 5 ሴል ሰጡ እንበል። ድምሩ 234 ነው። በ10፣ በ306.25 እና በ25/15 ሲባዛ 1,194,375 ይሆናል። ይህ ግምት ምን ያህል ይዋዥቃል? ሦስት ድምር እንሠራለን። ሀ፦ እያንዳንዱ ቁጥር በራሱ ተባዝቶ ሲደመር 5,778። ለ፦ እያንዳንዱ በሚቀጥለው ተባዝቶ ሲደመር 5,397። ሐ፦ እያንዳንዱ አንድ ዘሎ ባለው ተባዝቶ ሲደመር 5,008። ከሀ ላይ 234ን ቀንሰን በ3 እናባዛለን፣ 4 ጊዜ ለን እንቀንሳለን፣ ሐን እንጨምራለን፤ 52 ይቀራል። ብዛቱ ከቁራጭ ወደ ቁራጭ ቀስ እያለ የሚወጣና የሚወርድ ከሆነ ለ240፣ በድንገት የሚዘል ከሆነ ለ12 ይካፈላል። 52 ለ240 ሲካፈል 0.2 ነው፤ ለ12 እንኳ ቢካፈል 4.3። ከየፍሬሙ የሚመጣው የቆጠራ ጫጫታ ግን ራሱ 234 ነው። ሁለቱ ተደምረው፣ ስኩዌር ሩታቸው ወጥቶ ለ234 ሲካፈል የስህተት ምጣኔው 6.5 በመቶ ይሆናል፤ በ12 ከሄድን 6.6።

ይህች ትንሽ ስሌት ብዙ ትናገራለች። በቁራጭና በቁራጭ መካከል ያለው ልዩነት ከስህተቱ ውስጥ ያለው ድርሻ ከምንም አይቆጠርም። ከ12ቱ ቁራጮች በጎደሎ ተራ ያሉትን (1ኛ፣ 3ኛ፣ 5ኛ…) ብቻ ብንወስድ 118፣ በሙሉ ተራ ያሉትን (2ኛ፣ 4ኛ፣ 6ኛ…) ብቻ ብንወስድ 116 ነው፤ ከመጀመሪያው ከየ20ው አንድ ቁራጭ ብንወስድ ኖሮ ግምቱ 1,204,583 ወይም 1,184,167 ይሆን ነበር። ስለዚህ ቁራጭ ከ12 ወደ 24 ማሳደግ በራሱ የሚያመጣው ጥቅም የለም። ምሳሌው ላይ ስህተቱን የሚቀንሰው ብዙ ሴል መቁጠር ብቻ ነው፤ እሱም ቢሆን የሚቀንሰው በስኩዌር ሩት ነው። ስህተቱን ወደ እኩሌታ ለማውረድ ቆጠራውን አራት እጥፍ ማድረግ ይጠይቃል። ስሌቱ አንዳንዴ ከዜሮ በታች ውጤት ይሰጣል፤ የሚያስደነግጥ አይደለም፣ ዜሮ ተብሎ ይወሰዳል።

ታዲያ 6.5 በመቶ ይበቃል? ይህ የሚመለሰው ከእንስሳ እንስሳ ያለውን ልዩነት አይቶ ነው። በአንድ ምድብ ውስጥ የተገኙት ቁጥሮች የልዩነት ምጣኔ (ከአማካዩ የሚበተኑበት መጠን በመቶኛ) 15 በመቶ ቢሆን፣ ካሬው 0.0225 ነው። የስህተቱ ካሬ 0.0043 ሲሆን ሲቀነስ 0.0182 ይቀራል፤ ማለትም ተፈጥሮ ራሷ ያመጣችው ልዩነት 13.5 በመቶ ነው። ከጠቅላላው ውስጥ የቆጠራው ድርሻ አንድ አምስተኛ እንኳ አይሞላም። በሙያው የተለመደው መለኪያ የቆጠራው ስህተት ካሬ ከጠቅላላው ከግማሽ በታች ይሁን የሚል ነው፤ እዚህ ከሚገባው በላይ ተሟልቷል።

አሁን ጉልበትን የት እንደምናፈስ እንምረጥ። 6 እንስሳ ይዘን 234 ሴል ብንቆጥር የአማካዩ ስህተት 6.1 በመቶ ነው። ቆጠራውን በእጥፍ ብናሳድግ 5.8 ይሆናል፤ ብዙ ቀን ማይክሮስኮፕ ላይ ተጎንብሶ የተገኘው ይህቺ ናት። ቆጠራውን ሳንነካ እንስሳቱን 8 ብናደርጋቸው 5.3። እንስሳቱን 12 አድርገን በየአንዳንዱ 117 ብቻ ብንቆጥር፣ በጠቅላላ የቆጠራው ድካም መጀመሪያ ከነበረው ጋር እኩል ሆኖ 4.7 እናገኛለን። ከአንዱ ብዙ ከመቁጠር ከብዙዎቹ ትንሽ ትንሽ መቁጠር ይሻላል ማለት ነው። በርግጥ እንስሳም ወጪ ነው፣ ሕይወትም ነው፤ የሰው አንጎል ሲሆን ደግሞ ከሟች ቤተሰብ ፈቃድ የሚገኝ ነውና "እንጨምር" ማለት በቀላሉ አይቻልም። ያኔ ቆጠራውን ከፍ ማድረግ ምክንያት ይኖረዋል።

የእንስሳቱ ብዛት ራሱም የሚወሰነው በሚፈለገው ልዩነት ነው። የልዩነት ምጣኔው 15 በመቶ በሆነበት የ20 በመቶ መቀነስን በ80 በመቶ ዕድል ለማግኘት 15.7ን (ለ80 በመቶ ዕድል የሚያገለግል ቋሚ ቁጥር) በ0.0225 አባዝቶ ለ0.04፣ ማለትም ለ20 በመቶ ካሬ፣ ማካፈል ነው፤ 8.8። ናሙናው ትንሽ ስለሆነ አንድ ተጨምሮበት በየምድቡ 10 መያዝ ነው። የሚፈለገው ልዩነት 10 በመቶ ከሆነ ግን በየምድቡ 36 ይላል። ጥያቄው በዚህ ዘዴና በዚህ በጀት እንደማይመለስ ከመጀመሩ በፊት ማወቅ የተሻለ ነው። በአምስት አምስት አይጥ ተሠርቶ "ልዩነት አልተገኘም" የሚለው ጽሑፍ ብዙ ጊዜ የሚናገረው ስለ አንጎል ሳይሆን ስለ በጀት ነው።

እስካሁን ያወራነው ስለ መዋዠቅ ነው። መዛነፍ ሌላ ነገር ነው፤ እሱን ቆጠራ ማብዛት አያስተካክለውም፣ ይልቁንም የተሳሳተውን ቁጥር በልበ ሙሉነት ያስናግራል። የመጀመሪያው ቁራጭ ከ1 እስከ 10 ባለው ውስጥ በዕጣ መመረጥ አለበት። 7 ከወጣ 7፣ 17፣ 27 እየተባለ ይቀጥላል። "7ኛው ተቀዷል፣ 8ኛው ያምራል" ብሎ መለዋወጥ የዕጣውን ትርጉም ያፈርሳል፤ የጠፋ ቁራጭ ካለ ከግራና ከቀኝ ያሉት አማካይ ይተካለታል፣ መጥፋቱም ይመዘገባል። በተግባር የሚሻለው ሲከተፍ ጀምሮ ቁራጮቹን በአሥር ዕቃ በየተራ መደርደር ነው፤ አንዱ ዕቃ ለዚህ ቆጠራ፣ የቀሩት ፀረ በረዶ ፈሳሽ ውስጥ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ተቀምጠው ለሌላ ቀለም ይውላሉ። ግራ ወይስ ቀኝ የሚለውም በሳንቲም ይወሰን።

አካባቢው ከጫፍ እስከ ጫፍ መኖሩም እንዲሁ። ሂፖካምፐስ እንደ ፍየል ቀንድ የታጠፈ ነው፤ ከፊት ወደ ኋላ ሲከተፍ የኋለኛው ጫፍ ወደ ታች ስለሚታጠፍ ምላጩ በአግድም ሳይሆን በርዝመት ይበላዋል። እዚያ ላይ የሲኤ3 እና የሲኤ1 ወሰን ይደበዝዛል። አንዳንዱ ሰው እነዚህን ቁራጮች "ግልጽ አይደሉም" ብሎ ይተዋል፤ ያኔ የቆጠረው የሂፖካምፐስን ፊት ብቻ ነው። ወሰኑ በምን ምልክት እንደሚሠመር፣ ለምሳሌ የፒራሚድ ሴሎቹ ሽፋን የሚሳሳበትና ሴሎቹ የሚያንሱበት ቦታ፣ ቆጠራው ሳይጀመር ተጽፎ መቀመጥ አለበት። መስመሩን የሚያሠምረውም ሆነ የሚቆጥረው ሰው የትኛው እንስሳ ከየትኛው ምድብ እንደሆነ ማወቅ የለበትም።

የመጨረሻው ወጥመድ ጥግግት ነው። 2 ሚሊ ሜትር ኪዩብ ውስጥ 100,000 ሴል የነበረው አካባቢ በበሽታ ወደ 1.6 ቢጨማደድና ሴሎቹ 90,000 ቢቀሩ፣ ጥግግቱ ከ50,000 ወደ 56,250 ያድጋል። ከሴሎቹ 10 በመቶው ሞተው ሳለ ጽሑፉ "በ12.5 በመቶ ጨመሩ" ይላል። ጠቅላላ ብዛት እንጂ ጥግግት ብቻውን መልስ አይሆንም። 1994 ላይ ዌስትና ባልደረቦቹ የተለመደው እርጅና በሲኤ1 ውስጥ የአልዛይመርን ያህል የሴል ኪሳራ እንደማያመጣ ለማሳየት የበቁት ጠቅላላ ብዛቱን ስለቆጠሩ ነው። ይዘቱ ራሱ ሲፈለግ የካቫሊዬሪ መንገድ አለ፤ በቁራጩ ላይ እኩል የተራራቁ ነጥቦች ጥሎ አካባቢው ላይ ያረፉትን ቆጥሮ፣ በአንድ ነጥብ ስፋትና በተወሰዱት ቁራጮች መካከል ባለው ርቀት ማባዛት ነው። በ10 ወይም 12 ቁራጭ ላይ ጠቅላላ ከ100 እስከ 200 ነጥብ ካረፈ ይበቃል። ጠርዙን በማውስ ዙሪያውን እየተከተሉ መሣል ረጅም ጊዜ ይወስዳል፣ የሚጨምረው ግን ትንሽ ነው።

ይህ ሁሉ ሴሉ ብዙ ለሆነበት ነው። በዴንቴት ጃይረስ ውስጥ በቅርቡ የተወለዱ ሴሎች ሲቆጠሩ ነገሩ ይለወጣል፤ በአንድ ቁራጭ ላይ ጥቂት ብቻ ስለሚኖሩ፣ 10 በ10 ፍሬም በየ175 ማይክሮን ቢጣል ቀኑን ሙሉ ባዶ ፍሬም ማየት ነው። ያኔ የስፋት ድርሻው 1 ይሆናል፤ በየ6ኛው ቁራጭ ላይ ከአካባቢው ጫፍ እስከ ጫፍ ያሉት ሁሉ ይቆጠራሉ፣ የላይኛው ገጽ ላይ ጥርት ብለው የሚታዩት ግን ይተዋሉ።